ቦታ እየያዘ ነው

የአሥር ዓመት ልጅ ኮምፒዩተር ከፍታ በመቀመጧ ብቻ ሰው ልትገድል ትችላለች? እናንተን ነው የምጠይቀው። ፈገግ ከማለታችሁ በፊት አስቡበት፤ ባስራ ውስጥ ጢማቸው የሸበተ፣ ካባ የደረቡ ወንዶች ድንኳን ውስጥ ተቀምጠው «አዎ፣ ትችላለች» ብለዋልና። ያቺ ልጅ እኔ ነኝ። ተፈርዶብኝ፣ እርቅ ወርዶልኝ፣ ይቅር ተብዬ ነው ያደግሁት። ይቅር የተባልኩት ላላደረግሁት ነገር መሆኑን ያወቅሁት ግን ባለፈው ክረምት፣ የገዛ ልጄ ጨዋታ ላውርድ ብላ ኮምፒዩተር ፊት ስትነጫነጭ ነው።

ቤታችን ባለ አንድ ፎቅ ነበር። ምድር ቤቱ የእኛ ነው፤ የአባቴ፣ የእናቴና የእኔ። ፎቁን ዛየር መንሹድና ልጃቸው ናጂያ ተከራይተውታል። ሽማግሌው ዛየር የሚባሉት የቅዱሳኑን መቃብር ተሳልመው ስለመጡ ነው፤ ዕድሜያቸውን ግን የፈጁት ጡብ ማቃጠያ ውስጥ ነው። ጭሱ ሳንባቸውን በልቶታል። አፍንጫቸው ላይ ቀጭን የላስቲክ ቱቦ አለ፤ ቱቦው አልጋቸው ሥር ካለው የኦክስጅን ማሽን ይመጣል፤ ማሽኑ መብራት እስካለ ድረስ እንደ ታመመ ድመት ያንኮራፋል።

መብራት ስል ሁለት መብራት ማለቴ ነው። አንዱ የመንግሥት ነው፤ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይሄዳል። ሌላው የሐጂ ፍሌይህ ነው። ሐጂ ፍሌይህ የሰፈራችን ጀነሬተር ባለቤት ነበሩ። ጀነሬተራቸው መንገዱ ጥግ ሲነሳ የሁላችን መስኮት ይንቀጠቀጣል። ጣሪያቸው ላይ የቆመው የኢንተርኔት ማማም የእሳቸው ነው። የመብራቱንም የኢንተርኔቱንም ገመድ የሚዘረጋላቸው አንድ ሰው ነው፤ ጫሲብ ይባላል፤ አሙ ጫሲብ፣ አጎቴ ጫሲብ ማለት ነው፣ እንለዋለን፤ ቦርጫም፣ ሳቂታ፣ ልጆቹ ትልልቅ ሆነው እሱ ግን ከኛ ጋር ቆሞ የሚቀልድ። እኛ ልጆች ጫሲብ መሰላሉን ትከሻው ላይ አድርጎ ሲመጣ ስናይ የምናስበው አንድ ነገር ነበር፤ ኢንተርኔት ሊፈጥን ነው።

ናጂያ ከጀነሬተሩ የራሷ የመብራት መስመር አልነበራትም። አባቴ ከእኛ መስመር አንድ ጥቁር ገመድ በሳሎኑ መስኮት አውጥቶ፣ በግድግዳው ላይ አስኪዶ፣ ወደ ፎቅ ልኮላት ነበር። ለማሽኑ ብቻ። በሐጂው ሕግ ያ ስርቆት ነው፤ ለአንድ ቤተሰብ አንድ መስመር፣ ማካፈል የለም። እኔ ይህን አላውቅም። እኔ የማውቀው የናጂያን ዘነዘና ነው። ማሽኑ ሊነሳ ሲል ናጂያ በዘነዘና ወለሏን ሁለት ጊዜ ትመታለች። ያኔ እናቴ ካውያዋን ትነቅላለች።

«ነቅያለሁ፣ ናጂያ!» ትላለች ወደ ኮርኒሱ አንጋጣ።

ካልነቀለች ጭነቱ በዝቶ መንገድ ላይ ያለው ብሬከር ይወድቅና ላይም ታችም ይጨልማል። ላይም ታችም። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ እጠይቃችኋለሁ።

እኔ ዘነዘናውን የናጂያ ክፋት አድርጌ ነበር የያዝኩት። ሳላገባ ቀረሁ ብላ የተናደደች፣ ልጅ የማትወድ፣ የታች ቤት ደስታ የሚያናድዳት ሴት ናት ብዬ አምን ነበር። ዘነዘናው በመታ ቁጥር አባቴን አያለሁ።

«ኮምፒዩተሩን አጥፉ እያለች ነው?»

«አይ፣ የአንቺ ከአንድ ሁለት አምፑል አይበልጥም፤ ተይው ይሥራ» ይላል።

አባቴ ይህን ብሎ ነበር። በራሱ አፍ። ይህንንም ያዙልኝ።

ኮምፒዩተሩን አጎቴ ነው ከአሻር ገበያ ያመጣልኝ፤ ከእኔ በፊት ስንት እጅ እንዳለፈበት አላህ ይወቅ። ሲሠራ ሆዱ ውስጥ ጠጠር የሚፈጭ ይመስላል። ያን በጋ የፈለግሁት የፈረስ ጨዋታ ነበር። የአክስቴ ልጅ ቤት አይቼዋለሁ፤ ነጭ ባዝራ ላይ ተቀምጠሽ በውሃ ዳር ትጋልቢያለሽ፣ ጋማዋ በነፋስ ይበተናል። ሰፈራችን ውስጥ ነፋስ ሲነፍስ አቧራ ብቻ ነው የሚበተነው። ጨዋታው ከመውረዱ በፊት ግን አንድ ሥራ አለ። ትንሽ መስኮት ይከፈታል፣ ባዶ መስመር ይመጣል፣ ከሥሩ በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ተጽፏል። አባቴ መነጽሩን አስተካክሎ አነበበልኝ።

«ቦታ እየያዘ ነው፣ ይላል።»

«ጨዋታውስ?»

«ጨዋታው ገና ነው። መጀመሪያ የሚያርፍበትን ቦታ ዲስኩ ላይ ይለካል፣ ያጸዳል፣ በባዶ ይሞላዋል። ከዚያ ነው የሚወርደው።»

«በባዶ እንዴት ይሞላል?»

«እናትሽ እንግዳ ሳይመጣ ምንጣፍ አንጥፋ ሳህን ትደረድር የለ? እንደዚያ በይው።»

«እማዬ እኮ ቶሎ ነው የምትደረድረው!»

«የእናትሽ እጅ አዲስ ነው፤ ይሄ ዲስክ ደግሞ አሮጌ።»

«አዲስ?» አለች እናቴ ከማድ ቤት። «ይሄን እጅ አንተ ቤት ፈጅቼው!»

አረንጓዴው መስመር እንደ ቀንድ አውጣ ነበር የሚሄደው። ትንሽ ሄድ ይላል፣ ይቆማል፣ ጠጠሩ ይፈጫል፣ ደግሞ ትንሽ ሄድ። ይሄ ሁሉ ገና ለባዶው ነው፤ ከፈረሷ አንዲት ፀጉር አልመጣችም። የከፋው ደግሞ የመንግሥት መብራት ሄዶ የሐጂው እስኪመጣ ባለው መሃል የዓይን ጥቅሻ የምታህል ጨለማ አለች። ያቺ ጥቅሻ ትበቃለች። ኮምፒዩተሩ ድርግም ይላል፣ ተመልሶ ሲከፈት መስመሩ ከዜሮ ነው። ከግማሽ አይቀጥልም፣ ከሩብ አይቀጥልም። ከዜሮ።

ያን ሰሞን እብድ ሆኜ ነበር። እግሬ መንቀጥቀጥ አያቆምም። ጥፍሬን በልቼ ጨርሼ የመጋረጃውን ጫፍ ማኘክ ጀምሬያለሁ። እናቴን በካውያዋ፣ አባቴን በማራገቢያው፣ ናጂያን በዘነዘናዋ እከሳለሁ። ቆሜ እቀመጣለሁ፣ ተቀምጬ እቆማለሁ፣ መስመሩን በጣቴ ስገፋው ስክሪኑ ላይ የጣቴ ቅባት ቀረ።

ሐጂ ፍሌይህ ቤታችን የመጡት በዚያ ሰሞን ነው። ከቀትር በኋላ፣ ነጭ ልብሳቸው እንደ ወረቀት የተተኮሰ፣ መቁጠሪያቸው በእጃቸው። ሻይ ቀረበላቸው። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ መስመሬን እያየሁ ነው፤ ጆሮዬ ግን እነሱ ጋ ነው።

«አቡ ሹሩቅ» አሉ አባቴን በእኔ ስም ጠርተው፣ ስኳሩን ረጋ ብለው እያማሰሉ፣ «ግድግዳህ ላይ ሐረግ አብቅለሃል አሉ።»

አባቴ የስኳሩን ዕቃ ወደ እሳቸው አስጠጋ።

«ሐረግ ደግሞ ካልቆረጡት ሰፈሩን ሁሉ ይወርሳል። ነገ የዚህ ጎረቤት፣ ከነገ ወዲያ የዚያ ጎረቤት ያበቅላል። እኔ ምን ልሁን? አትክልተኛ?»

«ሐጂ፣ ሽማግሌው የሚተነፍሱበት ነው።»

«እኔም የምተነፍስበት አለኝ ወዳጄ። ናጂያ የራሷን መስመር ታስገባ። እምቢ ካለች ጫሲብ መጥቶ ይከረክመዋል። አንተን አላስቸግርህም፣ ልጅህም ኮምፒዩተሯን አታጣም።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ምንድን ነው የምታወርጂው፣ የኔ ቆንጆ?»

«ፈረስ» አልኳቸው።

«ማሻአላህ! ስታወርጂ ታስጋልቢኛለሽ።» ሳቁ፤ አባቴም ሳቀ። የአባቴ ሳቅ ደረቅ ሳል ይመስል ነበር።

ሲወጡ ሐረጉን ፍለጋ ውጭ ወጣሁ። ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር አየሁት። የፈረፈረ ኖራ፣ አንድ እንሽላሊት፣ አንድ ጥቁር ገመድ። ሐረግ የለም። ሐጂው አርጅተው ዓይናቸው ደክሟል ብዬ አዘንኩላቸው። ዛየር መንሹድ ደግሞ እንዴት በሐረግ እንደሚተነፍሱ ሳሰላስል ዋልኩ፤ ምናልባት ቅጠሉን ቀቅለው እየታጠኑት ይሆናል አልኩ።

ያን ቀን ጠዋት የመንግሥት መብራት ሳይመጣ ቀረ። የሐጂው ጀነሬተር ተነስቶ ያለ ማቋረጥ ይሠራል። ለእኔ እንዲህ ያለ ቀን አይገኝም፤ በሁለቱ መብራት መሃል ያለችው ጥቅሻ አትመጣም ማለት ነው። አባቴ የፈተና ወረቀት ሊያርም ትምህርት ቤት ሄዷል። የቧንቧው ውሃ ጨው ስለሆነ እናቴ ጀሪካን ይዛ የመጠጥ ውሃ ወደሚያመጣው መኪና ወጥታለች። ከመውጣቷ በፊት ሁሉን ነቅላለች፤ ካውያውን፣ ማቀዝቀዣውን፣ ማራገቢያውን ሳይቀር። ላብ በአገጬ ይንጠባጠባል። ከኮርኒሱ በላይ ማሽኑ ያንኮራፋል። ከፊቴ ጠጠሩ ይፈጫል። መስመሩ ግማሹን አልፏል። ግማሹን አልፎ አያውቅም ነበር!

በመስኮቱ የመሰላል ጥላ ወደቀ። ጫሲብ ነው።

«አሙ ጫሲብ! ኢንተርኔቱን ልታፈጥነው ነው?»

ከመሰላሉ ላይ ሆኖ አየኝ። ሳቂታው ጫሲብ ወዲያው አልሳቀም። ቆይቶ ግን ሳቀ።

«አዎ፣ አፈጥንልሻለሁ። እናትሽ የለችም?»

«ውሃ ልትቀዳ ሄዳለች።»

«ጥሩ። መጋረጃውን ዝጊው እስኪ፤ ፀሐዩ ኮምፒዩተርሽን ያቃጥለዋል።»

ምን ዓይነት ደግ ሰው ነው አልኩና ዘጋሁት።

ከመጋረጃው ጀርባ ትንሽ ድምፅ ሰማሁ፤ ፍሬ የሚሰበር ይመስል፣ ቀጭ። ከዚያ መሰላሉ ሲነሳ። ከላይ ማሽኑ ማንኮራፋቱን አቆመ። እፎይ፣ ጸጥታ፣ አልኩ።

ጸጥታው አልቆየም። ዘነዘናው ጀመረ። መጀመሪያ ሁለት ጊዜ፣ እንደ ሁልጊዜው። ከዚያ ደግሞ ሁለት። ከዚያ መቁጠር የማይቻል። ኮርኒሱ ላይ ያለው ኖራ እየተፈረፈረ ፀጉሬ ላይ ይወርዳል። አጥፊ እያለችኝ ነው። ግማሹን ሳልፍ፣ ዛሬ፣ አሁን፣ አጥፊ ትለኛለች!

«አላጠፋም!» ብዬ ወደ ላይ ጮህኩ። «አባዬ አይጠፋም ብሏል! አላጠፋም!»

ዘነዘናው ቆመ። ደረጃው ላይ የሩጫ ኮቴ ሰማሁ፤ ናጂያ መንገድ ላይ ወጥታ የሰው ስም እየጠራች ስትጮህ ሰማሁ። ተናዳ ለእናቴ ልትነግር ነው አልኩ። መስመሩ ይሄዳል፣ ይቆማል፣ ይሄዳል። ከዚያ ጫፉ ደረሰ። መስኮቱ ተለወጠ፤ ባዶው ሞላ፤ ማውረድ ተጀመረ። ከወንበሬ ዘልዬ ተነሳሁ።

ልክ በዚያች ሰዓት ነው ከላይ ዋይታ የተነሳው።

ከዚያ ቤታችን ሰው በሰው ሆነ። እናቴ ጀሪካኑን ደፍታ ወደ ፎቅ ሮጠች። ሐጂ ፍሌይህ ራሳቸው መጡ። ደረጃው ሥር ቆመው ሰው ሁሉ በሚሰማው ድምፅ ተናገሩ።

«ብሬከሩ ወድቆ ነው ያገኘነው! ጫሲብ ነው ሮጦ ያነሳው። የእነ አቡ ሹሩቅ ቤት ከባድ ነገር ከፍቶ ነበር። ማን ነበር ቤት?»

«ልጅቷ ብቻ» አለ አንድ ሰው።

«ምን ከፍታ?»

«ኮምፒዩተር።»

«ላ ኢላሃ ኢለላህ!» አሉ ሐጂው፤ መቁጠሪያቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው።

ከቤታችን በር ፊት የለቅሶ ድንኳን ተተከለ። የዛየር ዘመዶች ከቁርና በኩል በሁለት መኪና መጡ፤ ጥቋቁር፣ ረጃጅም፣ የማይስቁ ሰዎች። ድምፃቸው ከፍ ይላል፣ ደም የሚል ቃል ይሰማል፣ ከዚያ ሐጂው ገብተው ያበርዱታል። ለቅሶው ካለቀ በኋላ ድንኳኑ አልተነሳም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ካባ የደረቡ ወንዶች ሰልፍ ሠርተው መጡ፤ ፊት ፊታቸው ሐጂ ፍሌይህ፣ ከኋላ አጎቶቼ፣ መጨረሻ ላይ አባቴ። እናቴ እኔን ሳሎን ውስጥ ዘግታ «ከመስኮት እንዳትጠጊ» አለችኝ። ጠጋሁ። የዚያኑ መጋረጃ ጫፍ ገለጥ አድርጌ ማየት ጀመርኩ።

መራራው ቡና ተቀድቶ ዞረ። እንግዶቹ ስኒያቸውን ተቀብለው ሳይቀምሱ መሬት ላይ አስቀመጡት።

ልቤ ዘለለ። ይሄን አውቀዋለሁ! የአክስቴን ልጅ ለትዳር ሊጠይቁ ሲመጡ ልክ እንዲህ ነበር ያደረጉት፤ ቡናውን አስቀምጠው «የመጣንበትን ካልሰጣችሁን አንጠጣም» አሉ፤ ተሰጣችሁ ሲባል ጠጡ፣ ቤቱ በእልልታ ፈረሰ። ናጂያን ሊድሩ ነው! አባቷ ስለሞቱ ብቻዋን እንዳትቀር። ሙሽራውንም ወዲያው ለየሁት። ጫሲብ ድንኳኑ ጥግ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል፣ ዓይኑን ከመሬት አያነሳም፣ ላቡን በመሐረብ ይጠርጋል። ሙሽራ እንዲህ ነው የሚያፍረው። ሚስቱን ረስቻት አይደለም፤ ሁለት ያገባ ሰው ሰፈራችን ውስጥ ስለነበር ብዙም አልገረመኝም።

ሐጂ ፍሌይህ ቆመው ተናገሩ። ጀነሬተሩ እየጮኸ ስለሆነ የምሰማው ቁርጥራጭ ነው። «ሕፃን ናት…» «…አላህ የጻፈው…» «…ለእኔ ስትሉ…» ደግሞ ስሜን ሰማሁ፤ «ሹሩቅ»። እኔን ምን ያገባኛል? ገባኝ፤ የሻማውን ትሪ የምይዘው እኔ ነኝ! በአክስቴ ልጅ ሠርግም እኔ ነበርኩ የያዝኩት።

ከዛየር ዘመዶች ትልቁ ሽማግሌ መሬት ላይ የተቀመጡትን ስኒዎች አንድ በአንድ አየ። አባቴ አጎንብሷል። በመጨረሻ ሽማግሌው እጁን ዘረጋ።

«ለሐጂው ክብር ስንል ትተናል። ደሙንም ካሳውንም። ቡናችሁን ጠጡ።»

ወንዶቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ስኒያቸውን አነሱ። እኔ ደግሞ ምላሴን አነሳሁ፣ ባለኝ ትንፋሽ ሁሉ እልል አልኩ።

ድንኳኑ በሙሉ ወደ መስኮቱ ዞረ። አንድ ስኒ መሬት ላይ ተሰበረ። እናቴ ከየት እንደመጣች አላውቅም፤ አፌን በመዳፏ ጥርቅም አድርጋ ይዛ ወደ መሬት ጣለችኝ፤ መዳፏ ሽንኩርት ይሸታል፤ እምባዋ አንገቴ ላይ ይወርዳል። «ዝም በይ፣ ልጄ፣ ዝም በይ፣ ዝም በይ» ትለኛለች። ለሠርግ ማን ዝም ይላል? አልገባኝም።

ያስረዳችኝ ኢብቲሃል ናት፤ የዳቦ ጋጋሪው ልጅ፣ በነጋታው፣ ሳሙን የምንለውን ዳቦ ልገዛ ስሄድ።

«ሙሽራዋ መጣች!» አለች ለሌሎቹ ልጆች።

«ሙሽራዋ ናጂያ ናት» አልኳት።

«የምን ናጂያ? አንቺ አህያ! ዛየርን የገደለቻቸው ሹሩቅ ናት ተብሎ ነው የታረቁት። ኮምፒዩተርሽ መብራታቸውን በልቶት። ሐጂው ባይለምኑልሽ አባትሽን ይገድሉት ነበር። አንቺ ደግሞ እልል ትያለሽ!» ሌሎቹ እየተከተሉ መጮህ ጀመሩ፤ «ነፍስ አውራጅ! ነፍስ አውራጅ! የማንን ነፍስ ታወርጂያለሽ ዛሬ?»

አመንኩ። ለምን አላምንም? ዘነዘናው ሲመታ አላጠፋም ያልኩት እኔ ነኝ። ፀጉሬ ላይ የወደቀውን ኖራ አስታውሳለሁ። ለአሥር ዓመት ልጅ ይህ በቂ ማስረጃ ነው። ለሸበቱት ሰዎችም በቅቷል።

ናጂያ ወደ ዘመዶቿ ልትሄድ ዕቃዋን ስትጭን እናቴ እጄን ይዛ ወሰደችኝ። ናጂያ ጎንበስ ብላ ፀጉሬን ሳመችው። ልጅ የማትወደው ናጂያ።

«ይቅር ብዬሻለሁ፣ የኔ ልጅ» አለችኝ። «ልጅ ነሽ፣ አታውቂም። ከልቤ ነው።»

ምነው በመታችኝ። ያን ይቅርታ የትም ይዤው ሄጃለሁ፤ ትምህርት ቤት፣ ዩኒቨርሲቲ፣ ትዳር ውስጥ። መብራት በበራ ቁጥር ሌላ ቦታ የሚጠፋ ይመስለኝ ነበር። ኮምፒዩተሩን አባቴ በዚያው ሳምንት ከቤት አወጣው። ፈረሷን አላየኋትም።

አሁን ወደ ባለፈው ክረምት። ልጄ ሪታጅ የአጎቷን አሮጌ ኮምፒዩተር ይዛ ጨዋታ ልታወርድ ተቀምጣለች። እኔ ሳህን አጥባለሁ። መብራት ሄደ፣ የጀነሬተሩ መጣ። እናንተም ታውቁታላችሁ፣ ያው ጥቅሻ፣ ያው ጀነሬተር፤ አገሩ አልተለወጠም።

«ማማ!» ብላ ጮኸች። «ጠፍቶብኝ ቦታ መያዙን ከዜሮ ጀመረው! ግማሹን አልፌ ነበር እኮ!»

ሳህኑ ከእጄ ወጣ።

ጠፍቶ ከዜሮ ጀመረ። የእኔ ከዜሮ ጀምሮ ነበር? አልጀመረም! ዘነዘናው ሲመታ መስመሩ ይሄድ ነበር። ናጂያ ስትጮህ ይሄድ ነበር። ዋይታው ሲነሳ ሞልቶ፣ ማውረድ ጀምሮ ነበር። ያዙልኝ ያልኳችሁን አሁን አምጡ፤ ብሬከሩ ሲወድቅ ላይም ታችም ነው የሚጨልመው። ታች አልጨለመም። ብሬከሩ አልወደቀም፤ አባቴ በራሱ አፍ ከአንድ ሁለት አምፑል አይበልጥም ያለው ኮምፒዩተር ብቻውን ሊጥለውም አይችልም። ከሰፈሩ ሕዝብ ሁሉ ያን ቀን መብራቱን ዓይኗን ሳትነቅል ስትጠብቅ የነበረችው አንዲት ሰው ብቻ ናት፤ እሷን ደግሞ ማንም አልጠየቃትም። ጠይቀዋት ቢሆን ኖሮ «አሙ ጫሲብ መሰላል ላይ ነበር» ትል ነበር።

ያንኑ ቀን አባቴ ጋ ሄድኩ። እናቴ ከሞተች በኋላ እዚያው ቤት ብቻውን ይኖራል። ሬዲዮ እያዳመጠ ነበር፤ ሬዲዮውን ዘጋሁት።

«አባዬ፣ ያን ቀን ኮምፒዩተሬ አልጠፋም ነበር።»

የቱን ቀን አላለኝም። እጁን ብቻ ነው ያየው።

«አውቃለሁ» አለ።

«ምኑን ታውቃለህ?»

«ከቀብር ስመለስ ገመዱን አየሁት። በጥቁር ፕላስተር ተጠቅልሏል። እኔ ስዘረጋው መቀጠያ አልነበረውም።»

«ታዲያ ድንኳኑ ውስጥ ለምን አንገትህን ደፋህ?»

«ደም ብለው መጥተው ነበር። ጫሲብ ልጆች አሉት። ሐጂው ደግሞ… ሐጂው ናቸው። በልጅ ላይ ደም አይፈለግም አሉኝ። እሷ ላይ ሲያርፍ ይቀላል፣ ልጅ ትረሳለች አሉኝ።»

«አንተስ ምን አልካቸው?»

መስኮቱን፣ ከመስኮቱ ውጭ ያለውን ምሰሶ እያየ መለሰልኝ።

«በጋ ነበር፣ ሹሩቅ።»

በቃ። ይህን ለማያውቅ መልስ አይመስልም፤ ባስራን ለሚያውቅ ሙሉ መልስ ነው። በጋው ያለ ጀነሬተር የማይኖርበት ሙቀት ነው፤ የበጋው ቁልፍ ደግሞ በሐጂው እጅ ነበር። በአባቴ ላይ ተናደድኩ፣ አሁንም አልበረደልኝም፤ ግን የእሱን ነገር ከእሱ ጋር ቤት ውስጥ እጨርሰዋለሁ። ደረጃ ሥር ቆሞ፣ ሰው ሰብስቦ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የከሰሰኝ እሱ አይደለም።

ስወጣ ምሰሶው ላይ ያየውን አየሁት። ትልቅ ፎቶ ተለጥፏል። ሐጂ ፍሌይህ ለምክር ቤት ይወዳደራሉ። ጢማቸው ነጥቷል፣ መቁጠሪያው ያው ነው። ከሥሩ «ብርሃን ለሁሉም» ይላል።

ሐጂ ፍሌይህ፣ እስከዚህ ድረስ አንቱ ያልኩህ ያቺ ልጅ አንቱ ትልህ ስለነበር ነው። እኔ አልልህም። አስታራቂ ሆነህ የተቀመጥከው በራስህ ነገር ላይ ነው። ደሙን ለአንተ ክብር ተዉት፤ አባቴም ጉልበትህን ስሞ አመሰገነህ። እኔን ስም አወጣህልኝ፣ እሱን ችዬዋለሁ። የናጂያን ግን አልችልም። ሴትዮዋ በሕይወቷ የነበራትን ትልቁን ነገር፣ አባቷን ለገደለ ሰው ከልቧ የምትሰጠውን ይቅርታ፣ ላልገደለ ሰው አስሰጥተህ ጨረስክባት። ሄጄ ነግሬያታለሁ። አርጅታለች፣ ገመዱ የተቆረጠበትን ቦታ ሁለት ጊዜ አስደግማኝ ሰማች፣ ከዚያ «ዘነዘናውን እስካሁን አልጣልኩትም» አለችኝ።

የፊታችን ዓርብ ከሶላት በኋላ፣ በአባቴ በር ፊት፣ ያኔ በነበረበት ቦታ ድንኳን አስተክላለሁ። ሴት ድንኳን አትጠራም ትል ይሆናል። በአሥር ዓመቴ የተፈረደብኝስ ወንድ ስለነበርኩ ነው? የዛየር ዘመዶች ከቁርና ይመጣሉ። ናጂያ ትመጣለች። ጫሲብም እመጣለሁ ብሏል፤ ይምጣ አይምጣ እናያለን። ለአንተ ከፊት ቦታ ይዤልሃለሁ። ቡናህ ተቀድቶ ፊትህ ይቀመጣል፤ እስክትመልስ ድረስ አንድም ሰው ከንፈሩን አያስነካም። ያን ቀን ጫሲብን መሰላል አሸክሞ፣ የሽማግሌውን ገመድ ቁረጥ ብሎ የላከው ማን ነው? ያኔ በጮህክበት ድምፅ፣ በሰው ሁሉ ፊት ቆመህ መልስ።